ከዓሪዳ ሥር የተቀበረው ውሃ

ሰሞኑን ኮምቦልቻ ላይ መሬቱ ዕረፍት አጥቷል። ባለፈው ከዐስር ሶላት በኋላ ሱቄ ደጃፍ ተቀምጬ ሳለሁ መደርደሪያው ላይ ያሉት የዘይት ጀሪካኖች እርስ በርሳቸው ተንኳኩ፤ ወንበሬም ከሥሬ የሸሸ መሰለኝ። ሰፈርተኛው በሙሉ ልጁን እያቀፈ ወደ አስፋልቱ ወጣ። ከዚያ ክርክሩ ተጀመረ። አንዱ ድማሚት ነው፣ ድንጋይ እየፈነቀሉ ነው አለ። ሌላው የአላህ ቁጣ ነው፣ ኃጢአታችን በዝቷል አለ። ኮሌጅ የምትማረው የጎረቤቴ ልጅ ደግሞ፣ «መሬታችን ድሮም ስንጥቅ ላይ ናት፤ ማንም አልነካትም፣ በራሷ ጊዜ ነው የምትንቀሳቀሰው» ብላ አስረዳች። «እርስዎስ ጋሼ ይማም?» አሉኝ። እኔ ምን ልበል? ማነው የሚነቀንቃት የሚለውን ጥያቄ ድሮ ጂዛን እያለሁ፣ በሰው አገር ተራራ ሥር፣ ሥራ ላይም ምኝታ ላይም ስጠይቀው ኖሬያለሁ። መልሱን ሳላገኝ ነው የወጣሁት። ጭንቀቱን ግን ይዤው መጣሁ።

ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፤ ለእኔ ዓመታቱ ተቀላቅለውብኛል። የየመን ጦርነት የተጋጋለበት ጊዜ መሆኑን ብቻ ያዙልኝ። ሚስቴ ከሞተች ቆይቶ ነበር፣ እርሻው አልሆን ብሎኝ ነበር፣ እኔም እንደ ሰዉ ተነሳሁ። በባሕር ወደ የመን፣ ከየመን በእግር ድንበሩን ተሻግሬ ስገባ ዕድሜዬ አርባን አልፏል፤ አብረውኝ የገቡት ጎረምሶች «ሽማግሌው» ይሉኝ ነበር። አሐድ አል-መሳርሐ ደረስኩና እዚያው ቀረሁ። ስሟ እንደሚነግራችሁ የእሁድ ገበያ ከተማ ናት። ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ ከቤንዚን ማደያው ጥግ ብነሳ ገበያውን ዞሬ እመለሳለሁ። ጥጉ ላይ የየመናዊው ዳቦ ቤት አለ፤ ከምድጃው ግድግዳ ተላጦ የሚወጣው ሰፊ ዳቦ፣ ተሚስ የሚሉት፣ አንድ ሪያል ነበር፣ ሁለት ሰው ያጠግባል። ከጎኑ ፉል በሰሊጥ ዘይት። የጂዛን ሰው ያለ ሰሊጥ ዘይት እህል አይቀምስም፤ ግመል ዓይኗን ታስራ እየዞረች ሰሊጥ የምትጨምቅበት ቤት በር ላይ ቆሜ ሽታውን ብቻ ስስብ የዋልኩበት ቀን አለ። ወዲያ ማዶ ማንጎው፣ ባሚያው፣ የደረቀው ዓሣ፣ የተራራው ማር። ከተራራ የሚወርዱት ወንዶች ራሳቸው ላይ የአበባ ጉንጉን ደፍተው ይመጣሉ፤ መጀመሪያ ሳያቸው ሙሽሮች መስለውኝ ነበር። እኔ የነበረኝ አንድ ሸሚዝና ከአንድ የመናዊ በአሥራ አምስት ሪያል የገዛሁት ባለ መስመር ሽርጥ ነው። አጥቤው፣ ለብሼው፣ ተኝቼበት አላለቀም፤ እሱን የመሰለ ጨርቅ ዛሬ በየሱቁ ብፈልግ አጣሁ። ከሥራ መልስ የወሎ ልጆች በአንዲት ሞባይል የባቲ ዘፈን ይከፍታሉ፣ ግን ዝቅ አድርገው ነው፣ ሹርጣ እንዳይሰማ። ፖሊስ ፈርቼ ዘፈን በሹክሹክታ የሰማሁት እዚያ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ቲማቲም ለቀምኩ። ኋላ አንድ ኮንትራክተር ወረቀት የማይጠየቅበት ሥራ አለ ብሎ ወሰደኝ። ወደ ባሕሩ በኩል አንድ ሸሪካ፣ ኩባንያ ማለታቸው ነው፣ ነዳጅ ይሁን ጋዝ ፍለጋ ይቆፍር ነበር። ሲቆፈር ታዲያ ከመሬት ሆድ የሚወጣው የተፈለገው ብቻ አይደለም፤ ከባሕር የባሰ ጨው ያለው፣ ለብ ያለ፣ የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ውሃም አብሮ ይወጣል። ያ ውሃ ማሳ ላይ ቢደፋ ማሳውን ይገድላል። ስለዚህ ከአሐድ ወደ ዓሪዳ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ተራራው ከሜዳው በሚነሳበት ቦታ፣ በጣም ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረው አጥረው ነበር። ቦቴዎቹ ውሃውን ያመጣሉ፣ ትልቅ ፓምፕ እየገፋ ወደ ታች ይሰደዋል። የእኔ ሥራ የቦቴውን ቱቦ መግጠም፣ ሲያልቅ መፍታት ነው። ፓምፑ ሲነሳ እግሬን ይነዝረኛል። ይሄ ሁሉ ውሃ የት ይገባል እያልኩ እገረም ነበር፤ ጉድጓዱ አንድም ቀን ጠገብኩ አላለም።

ዘሀራን ያገኘኋት በእሁድ ገበያ ነው። ለሰው የተሸከምኩት የሽንኩርት ጆንያ ተቀዶ ሽንኩርቱ መንገዱ ላይ ሲበተን «ወይ ጣጣዬ!» ብዬ ጮህኩ። ጥቁር አባያ የለበሰች፣ ከላይ የተራራ ሴቶች የሚደፉትን ሰፊ የሰሌን ባርኔጣ የደፋች ሴት ጎንበስ ብላ ትለቅምልኝ ጀመር።

«የወሎ ሰው ነህ እንዴ?» አለችኝ።

«ከሐርቡ ነኝ። አንቺስ?»

«ከከሚሴ። በል ቶሎ ልቀም፣ መኪና ሊሄድብህ ነው!»

ዘሀራ ጂዛን ከተማ ቤት ሠራተኛ ሆና ስትኖር አሠሪዎቿ ስላስመረሯት ጠፍታ ወጥታለች፤ ኢቃማ፣ መኖሪያ ወረቀቱ፣ እነሱ ዘንድ ቀርቷል። አሁን ዓሪዳ ተራራ ላይ አንዲት ባልቴት ትጦራለች። ሀጃ ሰልማ ይባላሉ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ አሊ የሚባል አስተማሪ ልጅ ጂዛን ያላቸው፣ ከድሮ የድንጋይ ቤታቸው ንቅንቅ የማይሉ ሴት ናቸው። ጦርነቱ ድንበሩን ሲያምሰው ጎረቤቶቻቸው ቤታቸውን እየቆለፉ ወደ ሜዳው ወርደዋል፤ እሳቸው ግን ፍየላቸውንና የፉል አበባቸውን ትተው ወዴትም አይሄዱም። እኛ ተምበለል የምንለውን ዓይነት ነጭ አበባ እነሱ ፉል ይሉታል፤ በክር ሰክተው ራሳቸው ላይ ያደርጉታል። ከዚያ ቀን በኋላ ዓርብ ዓርብ እየወጣሁ የፈረሰ እርከን መካብ ጀመርኩላቸው። ለእርከኑ ብዬ እንዳልሆነ ሀጃም ያውቃሉ። «ያ ይማም፣ ይሄን ግንብ ባለፈው ዓርብ ክበኸው አልነበረም?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

ዓሪዳ ላይ የመድፉ ድምፅ ቀንም ይሰማል። ሰው ሁሉን ነገር ይለምድ የለ፣ እኛም ለምደን የሚሄደውን ከሚመጣው በጆሯችን እንለይ ነበር። አንድ ዓርብ ግን እንጀራ ፍለጋ የመጣ ሰው ጆሮ የማያውቀው ነገር መጣ። ሻይ ይዘን ግቢ ተቀምጠናል። ድምፅ የለም። መጀመሪያ እግሬን ነዘረኝ፤ ቀጥሎ ሻዩ በብርጭቆው ውስጥ ቀለበት ሠራ፤ የድንጋይ ቤቱ ከውስጥ እንደ ሽማግሌ አቃሰተ። ሀጃ፣ «መድፍ ነው» አሉ። ዘሀራ ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«መድፍ አይደለም፣ ኡሚ» አለቻቸው፤ እናቴ ማለቷ ነው። «መድፍ ከጆሮ ነው የሚጀምረው። ይሄ ከእግር ነው የጀመረው።»

ከዚያ ወዲህ ይደጋገም ጀመር። አንዳንዴ ሳምንት ዝም ይላል፣ አንዳንዴ በቀን ሁለቴ። የቤቱ ግድግዳ ላይ ከመስኮቱ ጥግ ተነስቶ ስንጥቅ ወረደ፤ በሚቀጥለው ዓርብ እጄ ገባበት። እኔ ታች ጉድጓዱ ላይ ቆሜ ቱቦ ስገጥም ዓይኔ ወደ ተራራው ነው። ፓምፑ ሲንቀጠቀጥ ደረቴ አብሮ ይንቀጠቀጣል፤ አሁን የነዘረኝ ፓምፑ ነው ወይስ ሌላው? እያልኩ ቱቦውን ጥዬ ወደ ላይ የማይበት ጊዜ በዛ።  አብረውኝ የሚሠሩት፣ «ሽማግሌው ጅኒ ለከፈው» አሉ።

ጉድጓዱን የሚቆጣጠረው ባቢክር የሚባል ሱዳናዊ ሙሀንዲስ ነበር። ገዳሪፍ ያደገ፣ ድንበር ላይ ከእኛ ሰው ጋር ስለኖረ «እንዴት ነህ»ና «እግዜር ይስጥልኝ» የሚል፣ ቀጭን፣ ሻይ ያለ ስኳር የሚጠጣ ሰው። አንድ ቀን ቦቴ እስኪመጣ ጥላ ሥር ተቀምጠን ሳለ ደፍሬ ጠየቅኩት።

«ሙሀንዲስ፣ ያ ተራራ የሚንቀጠቀጠው በእኛ ውሃ ነው?»

 ዞር ዞር ብሎ አየ። «ማን ነገረህ?»

«ማንም አልነገረኝም። እዚያ ላይ የምትኖር ሰው አለችኝ።»

«ስማኝ» አለ። «ከታች ያለው ዓለት አንድ ወጥ አይደለም፤ የተሰነጠቀ ነው። ስንጥቁ ግራና ቀኙ ተጫጭኖ፣ ተናንቆ ቆሟል። ስንት ሺህ ዓመት የተጠራቀመ ኃይል አለበት። ውሃ በግፊት ሲገባበት ተጫጭኖ የነበረው ይላላል፣ ይንሸራተታል። ስለዚህ ኃይሉን ውሃው አላመጣውም፤ ሊፈታው ግን ይችላል። ሌላ አገር እንዲህ የሆነበት ቦታ አለ። ያው ውሃ እየተቀበረ ምንም ያልሆነበት ቦታ ደግሞ ይበዛል።»

«እዚህስ የትኛው ነው?»

«እኔ እንጃ» አለ፤ ሙሀንዲስ እኔ እንጃ ሲል ያን ቀን ሰማሁ። «ይሄ አገር ባሕሩ ራሱ የተከፈተበት ስንጥቅ ዳር ነው፤ ያለ እኛም ይንቀጠቀጣል። ለመለየት ተራራው ላይ መሣሪያ ተክሎ ማዳመጥ ያስፈልጋል። ጠይቄያለሁ። ሙዲሩ፣ አለቃችን፣ ‹የጦርነት ቀጠና ነው፣ ደግሞ መድፍ ነው የሚያንቀጠቅጠው› አለኝ። ቢያንስ ግፊቱን ቀንሰን እንየው አልኩት። ‹ኸላስ፣ በቃ፣ ሥራህን ሥራ› አለኝ።» ብርጭቆውን አስቀመጠና ዝቅ ባለ ድምፅ ጨመረ፤ «የአንተ ሰው በምን ዓይነት ቤት ነው የምትኖረው?»

«በድንጋይ ቤት። የጥንት ነው።»

«አውጣት» አለኝ።  በወሩ ኮንትራቱ አልታደሰም ተባለና ወደ አገሩ ተመለሰ፤ የቀሩትን የተሰናበታቸውም ቦቴ ላይ ሆኖ እጁን በማውለብለብ ነው አሉኝ።

እኔ ግን አውጣት ያለኝ ዕለት ቱቦውን ፈትቼ ሄድኩ፤ አልተመለስኩበትም። በማግስቱ ሌላ ሰው ቦታዬ ላይ ቆመ፣ ፓምፑም አንድ ሰዓት አልቆመም። ዓሪዳ ስደርስ ሀጃ ፍየል ያልባሉ። የሰማሁትን ነገርኳቸው። ውሃ ተራራ ያነቃንቃል የሚለው ነገር አሳቃቸው። «እኔ እዚህ ቤት ሙሽራ ሆኜ ገባሁ፤ ዝናብ ጥሎበታል፣ ጎርፍ ሄዶበታል፣ ውሃ አልጣለውም» አሉ። ዘሀራን ለብቻዋ ጠርቼ፣ «አንቺ እንኳ ነይ፣ አሐድ ቤት እፈልግልሻለሁ» አልኳት።

«እሳቸውን ጥዬ?»

«ልጃቸው ይውሰዳቸው።»

«ልጃቸው ስንቴ ለምኗቸዋል፤ አይሄዱም። ይማም፣ እኔ ከአሠሪዎቼ ቤት ሮጬ ስወጣ፣ እግሬ ተላልጦ ደጃቸው ስወድቅ፣ ማን ነሽ እንኳ ሳይሉ ነው እግሬን ያጠቡኝ። እኔን ከፈለግህ ሁለታችንንም የምታድንበት ዘዴ አምጣ።»

ዘዴው የመጣው ከራሳቸው ከሀጃ ወሬ ነው። ልጅ ሳሉ ሜዳው ላይ በሳር ቤት፣ ዑሻ በሚሉት፣ ነው ያደጉት። ከእንጨትና ከሳር የሚሠራ እንደ እኛ ጎጆ ክብ ቤት ነው፤ ስለሱ ሲያወሩ ድምፃቸው ይለሰልሳል። «ሀጃ፣ ዑሻ ልሥራልዎት?» አልኳቸው። «ቤትዎን አይልቀቁ፤ ግቢዎ ውስጥ፣ ቁርቁራው ሥር። ሳር ቢወድቅ ሰው አይገድልም።» እሳቸውም፣ «በሩን ወደ ምዕራብ አድርገው፣ የባሕሩ ንፋስ እንዲገባ» አሉ። ወዲያው መሥራት ጀመርኩ። እንጨት ባቆምኩ ቁጥር አሁን ይመጣል፣ አሁን ሳልጨርስ ይመጣል እላለሁ። ጨረስኩት። ሁለቱ እዚያ መተኛት ጀመሩ፤ እኔ ከፍየሎቹ ጋር ከበረቱ ዳር። ደግ ቀናት ነበሩ ብል አትመኑኝ፤ በየብርጭቆው ውስጥ ሻዩን እያየን ነው የጠጣነው። ቢሆንም ዘሀራ ባርኔጣዋን አውልቃ፣ ሀጃ ፉል በክር ሰክተው ፀጉሯ ላይ ሲያደርጉላት ያየሁት በእነዚያ ቀናት ነው። ሌላ የሚያምር ነገር ከዚያ አገር ይዤ አልወጣሁም።

የመጣው ረፋድ ላይ ነው። አሊ ከጂዛን እናቱን ሊጠይቅ እንደሚመጣ ደውሎ ስለነበር ሀጃ፣ ደህናውን ስኒ ላምጣ ብለው ወደ ድንጋይ ቤቱ ገቡ። ዘሀራ፣ «ኡሚ፣ እኔ ላምጣልዎት!» ብላ ሳትጨርስ መሬቱ ተነሳ። ይሄኛው ድምፅ ነበረው፤ ከተራራው ሆድ ውስጥ ከባድ መኪና የሚያልፍ ይመስላል። ቁርቁራው ያለ ንፋስ ተወዛወዘ። እርከኖቼ፣ በየዓርቡ የካብኳቸው፣ ተራ በተራ ወደ ታች ፈሰሱ። ከዚያ የቤቱ የኋላ ግድግዳ ወደ ውስጥ ገባ። አቧራው ሳይወርድ ዘሀራ በሩ ውስጥ ነበረች። ተከትያት ገባሁ። ሀጃ በሕይወት አሉ፤ የበሩ ጉበን ግንድና ድንጋዩ አንድ እግራቸው ላይ ተጭኗል። ድንጋዩን እያነሳሁ ወረወርኩ፣ ግንዱ ግን ለሁለታችን ከበደ። መንደሩ ባዶ ነው፤ ብንጮህ የሚሰማን የለም። ጣሪያው ከላያችን አፈር ያዘንባል።

«ደውል» አለችኝ ዘሀራ።

ለማን እንደሆነ ገብቶኛል። ለአደጋ መከላከሉ ከተደወለ ሹርጣ አብሮ ይመጣል፤ ድንበር ነው፣ የጦርነት ጊዜ ነው። ያለ ወረቀት የተያዘ ሰው መጨረሻው ተርሒል ነው፤ ሰው ከመባረሩ በፊት የሚታጎርበት እስር ቤት።

«አንቺ ውጪና ተደበቂ፣ እኔ እደውላለሁ» አልኳት።

የሀጃን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። «ማን ይይዛቸዋል ታዲያ? ደውል አልኩህ!»

ደወልኩ። እስኪመጡ ሁለቴ ተንቀጠቀጠ። በየአንዳንዱ ዘሀራ በሀጃ ላይ ጎንበስ ትላለች፣ እኔ በዘሀራ ላይ፤ ሌላ የምናደርገው አልነበረንም። ሰዎቹ መጡ፤ አላህ ይስጣቸው፣ በጥንቃቄ አወጧቸው። ሀጃ ቃሬዛው ላይ ሆነው የአንዱ መኮንን እጅ ያዙ። መኮንኑ ወደ እኛ እያየ «ኢቃማ?» ሲል ቀድመው እሳቸው መለሱ፤ «ይህች እጄ ናት። እጅ ኢቃማ አለው እንዴ?» አሉት። መኮንኑ አንገቱን ደፋ። ቢሆንም ሥራው ነውና ወሰደን።

የጂዛኑ ተርሒል ውስጥ ያለነው ሁላችንም ሐበሻ ነን፤ እስላሙ፣ ክርስቲያኑ፣ ወሎዬው፣ ራያው፣ አርሲው። ወንዶቹ በአንድ አዳራሽ፣ ሴቶቹ ከግድግዳው ማዶ። ስለ ዘሀራ የምሰማው ነገር የለም። እያንዳንዱ ቀን ያንኑ ቀን ይመስላል፤ ሰው በፈረቃ ይተኛል፣ እኔ ግን ግድግዳውን እያየሁ አልተኛም። ስንጥቅ እፈልጋለሁ። አንድ ቀን ስሜ ተጠራ። አሊ ነበር፣ የሀጃ ልጅ፤ ነጭ ጀለቢያው የተኮማተረ፣ ዓይኑ የቀላ።

«እናቴ ተርፋለች» አለኝ። «እግሯ ግን እንደ ድሮው አይሆንም። ስለ እናንተ ጠይቄ፣ ለምኜ አልሆነልኝም።» ቀጥሎም፣ «አንድ ነገር ጠይቅልኝ ብላኛለች፤ ቤቴን የጣለው ጦርነቱ ነው ወይስ ያ ውሃ? አለች» አለኝ።

«ይህን ጥያቄ የሚመልስ ሙሀንዲስ ነበረ፤ እሱም አላውቅም ብሎኛል» አልኩት።

«እኔም ዞሬ ጠይቄያለሁ» አለ አሊ። «ሸሪካው መድፉ ነው አለ። የጦሩ ሰው መሬቱ ራሱ ነው አለ። ለማንኛውም ካለፈው ሳምንት ወዲህ ፓምፑን አቁመውታል። ምክንያቱን አልተናገሩም።»

አቁመውታል ሲለኝ ከስንት ጊዜ በኋላ ሙሉ ትንፋሽ ተነፈስኩ። በቃ፣ አለፈ አልኩ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ውስጥ ምሳ እየታደለ ሳለ እግሬን ነዘረኝ። ፓምፑ ከቆመ ሳምንቱ ነው፤ መሬቱ ግን ተንቀጠቀጠ። ምናልባት የገባው ውሃ ከታች ገና መንገዱን አልጨረሰም ይሆናል። ምናልባትም ውሃው መጀመሪያውኑ ምንም አላደረገም። ማን ያውቃል? በሩ ተቆልፏል። ከጎኔ አንዱ «ላኢላሃ ኢለላህ» ይላል፣ ሌላው «እግዚኦ፣ እግዚኦ» ይላል፣ ሁለቱም እጄን ይዘውኛል። እጄን ነጥቄ ግድግዳው ድረስ በሰው ላይ ተራምጄ ሄድኩና በጡጫ እየመታሁ ጮህኩ።

«ዘሀራ! ዘሀራ!»

ግድግዳው ማዶ የሴቶች ለቅሶ ነው የሚሰማው። ደግሜ ጠራሁ፤ ድምፄ ተዘጋ። ከኋላዬ ያሉት፣ የማያውቋት፣ ስሟን ከእኔ ጋር ይጣሩ ጀመር፤ አዳራሹ በሙሉ «ዘሀራ!» ሲል መሬቱ ረጋ። በዚያ ዝምታ ውስጥ ከግድግዳው ማዶ፣ የከሚሴ ድምፅ፣ እየተንቀጠቀጠ፣ ግን ጥርት ብሎ መጣ።

«አለሁ! ይማም፣ አለሁ!»